ኪኒን ያወፍራል? ያከሳል?

በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት አራት ልጆች ነበሯቸው። መሬታቸው ጠባብ ነው። ስለዚህ ተመካክረው ልጅ ለማራራቅ ወሰኑ። ሚስቲቱም ከጤና ጣቢያ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ተቀብላ በየቀኑ አንድ ፍሬ ትውጥ ጀመር።

ጥቂት ወራት አለፉ። ሴትዮዋ እየከሳች ሄደች። ማታ ማታ ያስላታል፤ ያልባታል። ጎረቤቷ፣ «እህቴ፣ ያ ኪኒን እኮ ነው ያመነመነሽ፤ ጣይው!» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ፣ «ኧረ እኔ የሰማሁት ያወፍራል ሲሉ ነው» አለች። ሴትዮዋ ግራ ገባትና ኪኒኑን ተወችው።

ክሳቱ ግን አልቆመም። በዚህ ላይ ሳታስበው አረገዘች። ሳሉ ሲብስባት ባሏ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አክታዋ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት። ያከሳት በሽታው እንጂ ኪኒኑ አልነበረም። የነቀርሳውን መድኃኒት 6 ወር ሳታቋርጥ ወስዳ ዳነች። አምስተኛው ልጅ ግን ሳይታቀድ ተወለደ።

እንግዲህ እውነቱ ምንድን ነው? ሐኪሞች ኪኒን የሚወስዱ ብዙ ሴቶችን እየመዘኑ አጥንተዋል። ኪኒን ሴትን በጣም እንደሚያወፍር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ሰውነትንም አያመነምንም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አንዳንዷን ሴት ሊያቅለሸልሻት፣ ጡቷንም ሊያሳብጣት ይችላል። ሰውነቷም ጥቂት ውሃ ሊይዝ ይችላል። ይህ ስብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል።

በየ3 ወሩ የሚወጉት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ግን ሌላ ነው። እርሱ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። ስለዚህ ስለ መርፌው የሚባለውን ለኪኒኑ አንስጠው።

ምን እናድርግ?

1. ኪኒን ስትጀምሩ ተመዘኑ። ኪሎውንና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ። ዛሬ መጻፍ ታውቃላችሁና ወሬ ሳይሆን ቁጥር ይምራችሁ።
2. ከከሳችሁ፣ ካሳላችሁ ወይም ካበጣችሁ ምክንያቱን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።
3. ኪኒኑ ካልተስማማችሁ ሌላ መከላከያ ሳትይዙ አትተዉት። ኪኒን ሲተው እርግዝና ቶሎ ሊመጣ ይችላል።
4. ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ውጋት ወይም የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ከመጣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ።

ጥያቄዎች

1. ሴትዮዋን ያከሳት ምን ነበር?
2. ኪኒኑን በመተዋ ምን ደረሰባት?
3. በቀበሌያችሁ ስለ ኪኒን ምን ይባላል? ተወያዩበት።