የተፋጨ ፒስተን ምን ይነግረናል?

አገልግሎት ላይ የቆየ የሞተር መጋዝ ገዝተን የማስነሻ ገመዱን ስንስብ ከወትሮው ከቀለለን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር በሚገባ እየታመቀ አለመሆኑን እንጠረጥራለን። አዲስ ፒስተን ከመግዛታችን በፊት ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውንና ማርሚታውን ፈትተን፣ ፒስተኑን በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል እንመልከት። ጭረቱ ያረፈበት ቦታ የጉዳቱን መንስኤ ይጠቁመናል።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይት ነው። አምራቹ 50 ለ1 ካዘዘ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። ዘይቱ ሲያንስ፣ ወይም በተሰነጠቀ ጎማ በኩል ትርፍ አየር ገብቶ ድብልቁ ሲሳሳ፣ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ግሎ ይለጠጣል፤ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋርም ይፋተጋል። ጭረቱ አብዝቶ የሚታየው ይበልጥ በሚግለው በጭስ መውጫው ወገን ነው። በአንጻሩ በመግቢያው ወገን የደበዘዘና የተፈገፈገ ገጽ ካየን፣ የአየር ማጣሪያው ያሳለፈውን አቧራ እንጠርጥር።

በሲሊንደሩ ላይ የተጣበቀው አሉሚኒየም ብቻ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ ይጸዳል። የኒኬል ወይም የክሮም ልባጡ ከተላጠ ግን ሲሊንደሩም መለወጥ አለበት።

መንስኤውን ሳናስወግድ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ብቻ ብንለውጥ፣ አዲሱም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል፤ ገንዘባችንም ሁለት ጊዜ ይባክናል። ስለሆነም ጥገና የሚጀምረው ከመለዋወጫ ሳይሆን ከምርመራ ነው።