ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው

ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ ከእኛ ይልቅ ኮምፒዩተሩን ሲያይ ቅር ይለናል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ስለ መድኃኒታችን ምን እንደሚሠራና የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ እንማማራለን።

ኮምፒዩተሩ ምን ይሠራል?

ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን በመዝገባችን ካለው መረጃ ጋር ያስተያያል። በሽተኛው አለርጂ አለበት ወይ? መድኃኒቱ ከሚወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ? መጠኑ ለክብደቱና ለኩላሊቱ ይስማማል ወይ? ለምሳሌ ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን የሚወስድ ሰው ሬስፕሪም የተባለው አንቲባዮቲክ ቢታዘዝለት የመድማት አደጋ ያገኘዋል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም ካወቀ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል።

በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በብሪገም ሆስፒታል የተደረገና በ1998 የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች በኮምፒዩተር ማዘዝ ሲጀምሩ ከባድ የመድኃኒት ስህተት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። በአገራችንም በሼባ ሆስፒታል በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል የተደረገና በ2019 የወጣ ጥናት፣ ከማስጠንቀቂያዎቹ 43 በመቶ የሚሆኑት ትእዛዝ እንዳስለወጡ ገልጿል።

የሚጎድለው ምንድን ነው?

ኮምፒዩተሩ ያልተነገረውን አያውቅም። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይጎድላሉ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። ወደ አገር ስንገባ የብዙ ሽማግሌዎቻችን የልደት ቀን በግምት ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ ግን የኩላሊትን ጉልበት የሚያሰላው ከደም ምርመራው ሌላ በዕድሜም ነው። 78 ዓመት የሆናቸው አባት በተዑዳት ዜሁታቸው 68 ተብለው ከተጻፉ፣ ኩላሊታቸው ከእውነቱ የበረታ መስሎ ይታያል፤ የመድኃኒቱም መጠን ሊበዛባቸው ይችላል።

ሁለተኛው ሳንናገር የምንወስደው መድኃኒት ነው። ኮሶውን፣ ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውን "ይስቁብናል" ብለን እንደብቃለን። ከፋርማሲ በራሳችን የገዛነውን አስፒሪንና ኑሮፌን፣ ጎረቤት የሰጠንን ክኒንም እንረሳለን። ኩማዲን ለሚወስድ ሰው ግን አስፒሪንና ኑሮፌን መድማትን ያባብሳሉ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ልጃችን ሲያስተረጉምልን የምናፍርበትን ነገር አንናገርም፤ ልጁም ያልገባውን ይዘለዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ዕብራይስጥ ለማይችል በሽተኛ በቋንቋው የሚግባባበትን መንገድ እንዲያመቻቹ ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አይደለም።

ምን እናድርግ?

እዚህ ነታንያ ላኒያዶ ብንገባም ሌላ ከተማ ብንሄድ እነዚህን እናስታውስ፦

1. በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነሣጥኑ በአንድ ከረጢት ይዘን እንሂድ። የቤት ውስጥ መድኃኒታችንንም እንናገር።

2. ዕድሜያችን በትክክል ካልተጻፈ ለሐኪሙና ለነርሷ እንንገር። ቁጥሩን ባናውቅ እንኳ "በ1974 ንጉሡ ሲወርዱ ሁለት ልጆች ነበሩኝ" ብንል ይረዳቸዋል።

3. ልጃችን ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይመዘን። የልጅ መድኃኒት መጠን በአብዛኛው የሚሰላው በክብደት ነውና ያምናውን አንናገር።

4. ከዚህ በፊት የጎዳን መድኃኒት ካለ ስሙንና ያደረሰብንን እንንገር። ሽፍታ ነበር? የፊት እብጠት? ትንፋሽ ማጠር?

5. ነርሷ ክኒን ስትሰጠን ስማችንንና የመታወቂያ ቁጥራችንን ታረጋግጥ። "ይህ ለምን ሕመም ነው?" ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም።

6. ስንወጣ የሚሰጠንን ደብዳቤ ለኩፓት ሆሊም ሐኪማችን እናሳይ። ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች የትኛው እንደቀረ፣ የትኛው እንደሚቀጥል እንጠይቅ። በራሳችን ግን አናቋርጥ።

ማስጠንቀቂያ ሲበዛ የሐኪምም ዓይን ይለምደዋል፤ አንዳንዱን ሳያነብ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተር አለ ብለን ዝም አንበል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አባትና እናት ልጆች ያንብቡላቸው፤ ከረጢቱንም ዛሬውኑ አብረዋቸው ያዘጋጁ።