ጥገና፣ መመለስና ጭማሪ፦ የዲዝኒላንድ ፓሪስ አፍቃሪያን ተስፋ እና የመዝናኛ ስፍራው እርጅና

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ከተከፈተ 30 ዓመት ያለፈው ዲዝኒላንድ ፓሪስ እንዲሻሻል የስፍራው አፍቃሪያን የሚያነሡትን ጥያቄ ይመረምራል። ጥያቄው ዘወትር «አዲስ ነገር ይጨመርልን» የሚል ጉጉት ተደርጎ ይወሰዳል። ጽሑፉ ግን በውስጡ ሦስት የተለያዩ ተስፋዎች እንዳሉ ያሳያል፤ እነዚህም የጥገና፣ የመመለስና የጭማሪ ተስፋዎች ናቸው። ከሦስቱ የትኛው መልስ እንደሚያገኝ የሚወሰነው በአፍቃሪያኑ ድምፅ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የስፍራው የገንዘብ አወቃቀርና የባለቤትነቱ ሁኔታ ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። በዕዳ ዘመን ጭማሪው ሲቀድም ጥገናው ተጓተተ፤ ዕዳው ሲቃለል ጥገናው ተከናወነ፤ የመመለሱ ተስፋ ግን እስካሁን በከፊል ብቻ ተመልሷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ዲዝኒላንድ ፓሪስ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በማርን-ላ-ቫሌ ይገኛል። የፈረንሳይ መንግሥትና የዎልት ዲዝኒ ኩባንያ ስፍራውን ለመገንባት በመጋቢት 1987 ተስማሙ፤ ፊርማቸውን ያኖሩትም የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዣክ ሺራክና የኩባንያው መሪ ማይክል አይስነር ነበሩ። ስፍራው ሚያዝያ 12 ቀን 1992 «ዩሮ ዲዝኒ» በሚል ስም ተከፈተ። ሲከፈት አንድ የመዝናኛ ፓርክና በአጠቃላይ 5,200 ያህል ክፍሎች ያሏቸው ሆቴሎች ነበሩት። ሁለተኛው ፓርክ የተጨመረው በመጋቢት 2002 ነው።

እንዲህ ያለ ስፍራ እርጅናው ከሌሎች ሕንፃዎች እርጅና ይለያል። የቢሮ ሕንፃ ቀለሙ ቢለቅ ሥራው አይቆምም። ጎብኚን ወደ ሌላ ዓለም ለመውሰድ የተሠራ ስፍራ ግን የላላ ቀለም፣ የቆመ አሻንጉሊት ወይም የጠፋ መብራት በታየበት ቅጽበት የገባውን ቃል ያፈርሳል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ጥገና የምርቱ አካል ነው። ጉድለቱን ቀድመው የሚያዩት ደግሞ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለሱት፣ የእያንዳንዱን መጫወቻ ታሪክ የሚያውቁትና ትላንት የነበረውን ከዛሬው ጋር የሚያነጻጽሩት አፍቃሪያን ናቸው።

ጽሑፉ የሚከተለው መንገድ በአደባባይ የሚታወቁትን የኩባንያውን ውሳኔዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ማንበብና ከአፍቃሪያኑ ተስፋ ዓይነቶች ጋር ማስተያየት ነው።

2. ሦስቱ የተስፋ ዓይነቶች

የመጀመሪያው የጥገና ተስፋ ነው፤ ያለው ነገር ሲሠራ እንደታሰበው ይሥራ የሚል ነው። ሁለተኛው የመመለስ ተስፋ ነው፤ በጊዜ ሂደት የተለወጠው ወይም የተወገደው የመጀመሪያ ንድፍ ወደ ቦታው ይመለስ ይላል። ሦስተኛው የጭማሪ ተስፋ ነው፤ አዲስ መጫወቻ፣ አዲስ መንደር ወይም አዲስ ትርኢት ይታከል የሚል ነው።

በአማርኛ «እድሳት» የሚለው ቃል ሦስቱንም ሊሸፍን ይችላል። የቀድሞውን ወደ ነበረበት መመለስም፣ የቀድሞውን አስወግዶ በአዲስ መተካትም እድሳት ይባላል። ለውይይቱ አሻሚነት ምክንያት የሚሆነውም ይኸው ነው። ኩባንያው «እድሳት እያካሄድን ነው» ሲልና አፍቃሪው «እድሳት እንሻለን» ሲል ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ላይናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ በቀጣዮቹ ክፍሎች ሦስቱን ቃላት ለያይተን እንጠቀማለን።

3. ዕዳና የተጓተተ ጥገና

ስፍራው ሲወለድ ጀምሮ ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ነበር። በ1993 የሒሳብ ዓመት ኪሣራው ከ5 ቢሊዮን የፈረንሳይ ፍራንክ አለፈ። በ1994 ከአበዳሪ ባንኮች ጋር በተደረገው ስምምነት የዕዳው ሸክም ተቃለለ፤ የሳዑዲው ልዑል አል-ዋሊድ ቢን ጠላል ባለአክሲዮን ሆኑ፤ ዎልት ዲዝኒም ከስፍራው ይቀበለው የነበረውን የንግድ ስምና የአስተዳደር ክፍያ ለተወሰኑ ዓመታት ተወ። በሰኔ 1995 ስፔስ ማውንቴን የተባለው ሮለር ኮስተር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመትም ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመታዊ ትርፍ አስመዘገበ።

ይህ ገጠመኝ ለቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ትምህርት ትቶ አለፈ፦ ጎብኚን የሚስበው አዲስ ነገር ነው የሚል። በ2002 የተከፈተው ሁለተኛው ፓርክ ግን የመጫወቻዎቹ ቁጥር ትንሽ፣ ገጽታውም የስቱዲዮ መጋዘን የሚመስል ስለነበር የሚጠበቀውን ያህል ጎብኚ አልሳበም። ዕዳው እንደገና ከበደ፤ በ2004 እና 2005 ሁለተኛው የገንዘብ ማስተካከያ አስፈለገ። ከዚያ በኋላ የተወሰዱት ጎላ ያሉ እርምጃዎች ጭማሪዎች ነበሩ። ክራሽስ ኮስተርና ታወር ኦፍ ቴረር በ2007፣ የራታቱይ መጫወቻ ደግሞ በሐምሌ 2014 ተከፈቱ።

በዚህ ወቅት የጥገናው ጉዳይ ወደ ኋላ ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት የገንዘቡን አመክንዮ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ መጫወቻ በማስታወቂያ ሊነገር፣ ከጎብኚ ቁጥር ጋር ሊያያዝና ለአበዳሪ ሊቀርብ የሚችል ወጪ ነው። በአንጻሩ የአንድን ጣሪያ ውኃ ማስገባት ማስቆም ወይም ያረጀ ሞተር መለወጥ በቲኬት ሽያጭ ላይ ለብቻው አይታይም። ዕዳ የሚከፍል ድርጅት የመጀመሪያውን መርጦ ሁለተኛውን ለነገ ቢያሳድር አያስገርምም። ይሁን እንጂ ያደረ ጥገና ወጪው እየከበደ ይሄዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል በዚህ ሙያ ውስጥ የሒሳብ እውነት ነው፦ በየዓመቱ በጥቂቱ ሊታደስ የሚችለው መጫወቻ ሲዘገይ ለወራት ተዘግቶ መፈታታት ይኖርበታል።

አፍቃሪያኑ በ2013 ለዎልት ዲዝኒ አመራር ያቀረቡት የፊርማ አቤቱታ የዚህ ዘመን ሰነድ ነው። አቤቱታው ትኩረቱን የሰጠው ለጥገና ጉድለትና ለአገልግሎት ጥራት መውረድ ነበር። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። በተስፋ ደረጃ እጅግ አነስተኛ የሆነው ጥያቄ፣ ማለትም ያለው ነገር ይሥራ የሚለው፣ ወደ አደባባይ ሊወጣ የቻለው ለረጅም ጊዜ መልስ ስላጣ ነው። በዚያው ወቅት የጎብኚዎች ቁጥር በ2012 ከነበረበት 16 ሚሊዮን በ2014 ወደ 14.2 ሚሊዮን ወርዷል። በእርግጥ የአውሮፓ የኢኮኖሚ ችግርም ለዚህ አስተዋጽኦ ስለነበረው ቅነሳውን በሙሉ ለጥገና ጉድለት መስጠት አይቻልም።

4. የዕዳው መቃለልና የጥገናው መልስ

በ2012 ዎልት ዲዝኒ የባንኮቹን ዕዳ በራሱ ብድር ተካ፤ መጠኑም 1.3 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። በጥቅምት 2014 ደግሞ 1 ቢሊዮን ዩሮ የሚያህል የካፒታል ማጠናከሪያ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 420 ሚሊዮኑ አዲስ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን 600 ሚሊዮኑ ዕዳን ወደ አክሲዮን የመቀየር ነበር። በ2017 ዎልት ዲዝኒ የቀሩትን አክሲዮኖች ገዝቶ ድርጅቱን ከአክሲዮን ገበያ አስወጣ።

የጥገናው ዘመቻ የተካሄደው በእነዚህ ሁለት ዓመታት፣ ማለትም በ2014 እና በ2017 መካከል ነው። ለ25ኛው ዓመት በዓል ዝግጅት ታላላቆቹ መጫወቻዎች በተራ ተዘግተው ታደሱ። ቢግ ተንደር ማውንቴን በታኅሣሥ 2016፣ ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን በሐምሌ 2017 ተመልሰው ተከፈቱ። የስፍራው ምልክት የሆነው የእንቅልፋሟ ልዕልት ቤተ መንግሥትም በ2021 ተሸፍኖ ታድሷል። በዚህ ረገድ የአፍቃሪያኑ የመጀመሪያ ተስፋ መልስ አግኝቷል ማለት ይቻላል። መልሱ የመጣው ግን አቤቱታው ስለቀረበ ብቻ ሳይሆን ወጪውን የሚሸከመው አካል ስለተለወጠ ነው።

5. የመመለስ ተስፋ፦ ሁለት ምሳሌዎች

የመመለስ ተስፋ ከናፍቆት የዘለለ መሠረት አለው። የፓሪሱ ፓርክ ሲነደፍ የአሜሪካዎቹ ቅጂ እንዲሆን አልታሰበም። በአሜሪካ «ቱሞሮውላንድ» የሚባለው የመጪው ዘመን መንደር በፓሪስ «ዲስከቨሪላንድ» ሆኖ በዡል ቬርን፣ በኤች ጂ ዌልስና በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ምናብ ላይ ተመሠረተ። ለዚህ ምርጫ አንዱ ምክንያት እውነተኛው መጪ ዘመን ሲደርስ ንድፉ እንዳያረጅ ማድረግ ነበር፤ አስቀድሞ «ያለፈ ዘመን ሰዎች ያለሙት መጪ ዘመን» ሆኖ የተሠራ ነገር በቀላሉ ጊዜ አያልፍበትም።

የመጀመሪያው ምሳሌ ፋንተም ማነር የተባለው የመናፍስት ቤት ነው። ለዚህ ቤት ትረካውን በእንግሊዝኛ የቀረጸው ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስ ነበር፤ ይሁንና ከመክፈቻው ብዙም ሳይቆይ ትረካው በፈረንሳይኛ ተተክቶ የፕራይስ ሳቅ ብቻ ቀረ። ቤቱ ከጥር 2018 እስከ ግንቦት 2019 ተዘግቶ ከታደሰ በኋላ የፕራይስ ድምፅ ከፈረንሳይኛው ጋር እየተፈራረቀ እንዲሰማ ተደርጓል። የታሪኩ አንዳንድ ክፍሎች ስለተለወጡ መመለሱ ሙሉ አይደለም። ሆኖም ጥገናና መመለስ በአንድ ሥራ ሊጣመሩ እንደሚችሉ ያሳያል፤ ቤቱ አስቀድሞ ሊፈታታ ግድ ስለነበር ድምፁን መመለስ የጠየቀው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስፔስ ማውንቴን ነው። በ1995 ሲከፈት መሠረቱ የዡል ቬርን «ከምድር ወደ ጨረቃ» ነበር። ተሳፋሪው በሕንፃው ጎን በቆመ ግዙፍ መድፍ ውስጥ ተተኩሶ ወደ ጨረቃ ይጓዝ ነበር፤ ሙዚቃውም ከጉዞው ጋር የተናበበ ነበር። በ2005 ታሪኩ «ሚሽን 2» በሚል ተለወጠ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የስታር ዋርስ ገጽታ ተሰጠው። ዛሬ ከውጭ የሚታየው መድፍ የቬርን ሲሆን በውስጥ የሚካሄደው ጉዞ የስታር ዋርስ ነው። አፍቃሪያን «ቬርን ይመለስ» ሲሉ የሚያመለክቱት ይህን በዓይን የሚታይ መፋለስ ነው። ሕንፃው የሚናገረውና ጉዞው የሚተርከው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ሆነዋል።

ሁለቱን ስናነጻጽር አንድ ልዩነት ይታያል። በፋንተም ማነር የተመለሰው የቤቱን ታሪክ የሚያጠናክር ነበር፤ ከውጭ የሚገባ ተወዳዳሪ ታሪክ አልነበረውም። በስፔስ ማውንቴን ግን የመጀመሪያው ንድፍ የሚፎካከረው ከኩባንያው ታላቅ የንግድ ሀብት ጋር ነው። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን በሁለቱ መካከል ይቀመጣል፤ ጥገናው በጥንቃቄ ሲሠራ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ጃክ ስፓሮው አብሮ ገብቷል።

6. የጭማሪ ተስፋና ዋጋው

በየካቲት 2018 የኩባንያው መሪ ቦብ አይገርና ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን 2 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠይቅ ማስፋፊያ ይፋ አደረጉ። በሁለተኛው ፓርክ ውስጥ በማርቭል፣ በፍሮዝንና በስታር ዋርስ ላይ የተመሠረቱ ሦስት አካባቢዎችና ሰው ሠራሽ ሐይቅ ታቅደው ነበር። የማርቭሉ አካባቢ በሐምሌ 2022 ተከፈተ። በ2024 ፓርኩ «ዲዝኒ አድቬንቸር ዎርልድ» የሚል አዲስ ስም እንደሚሰጠው ተገለጸ፤ በዚያው ዓመት በላየን ኪንግ ላይ የሚመሠረት አካባቢ ሲታወጅ የስታር ዋርሱ ዕቅድ ከማስፋፊያው ወጥቶ ነበር።

ሁለተኛው ፓርክ ሲወለድ ጀምሮ ባዶነት ይታይበት ስለነበር በዚያ የጭማሪ ተስፋ ተገቢ ነው፤ አፍቃሪያኑም በአብዛኛው በበጎ ተቀብለውታል። ዋጋው ሌላ ቦታ ይታያል። ማርቭልና ስታር ዋርስ በካሊፎርኒያም ሆነ በሌሎች የኩባንያው ስፍራዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ጭማሪው ስፍራውን ሲያድስ ከሌሎቹ ጋር ያመሳስለዋል። በባለቤትነት መጠቅለሉ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አመጣ፤ ያው መጠቅለል ግን የንድፍ ውሳኔው ለአውሮፓ ተብሎ ከተሠራው ልዩ ንድፍ ይልቅ በዓለም ሁሉ ወደሚሸጡ ፊልሞች እንዲያደላ አደረገ።

7. ተቃራኒ አስተያየት

አፍቃሪያን ከጎብኚው ሕዝብ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ድምፃቸው ከቁጥራቸው በላይ ይሰማል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የ1995ቱን ስፔስ ማውንቴን አያውቅም፤ ልጆቹ የሚያውቁት ፊልሙን ነው። በመመለስ ጥያቄ ላይ የሁለቱ ወገኖች ፍላጎት በእርግጥ ሊለያይ ይችላል።

በጥገና ጉዳይ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የሚመጣው ጎብኚ የተበላሸውን ስም ጠርቶ ባይናገርም የተበላሸው ያጎድልበታል፤ ምናልባትም ሳይመለስ ይቀራል። በዚህ ረገድ አፍቃሪው ዝም ብሎ የሚሄደውን ጎብኚ ቅሬታ ቀድሞ የሚናገር ነው። አስተዳደሩ የአፍቃሪያንን ቃል በጅምላ ከመቀበል ወይም በጅምላ ከመጣል ይልቅ በሦስቱ ዓይነቶች ለይቶ ቢሰማ ይጠቅመዋል።

8. ማጠቃለያ

የዲዝኒላንድ ፓሪስ ታሪክ የሚያሳየው የተስፋዎቹ መልስ የገንዘቡን አወቃቀር ተከትሎ እንደሚመጣ ነው። በዕዳ ዘመን ጭማሪ፣ ዕዳው ሲቃለል ጥገና፣ ባለቤትነቱ ሲጠቀለል ደግሞ በታወቁ ፊልሞች ላይ የቆመ ጭማሪ ቅድሚያ አገኙ። የመመለስ ተስፋ የራሱ የገንዘብ ምንጭ አልነበረውም፤ የተሳካው ከጥገና ጋር ተያይዞ በመጣበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ለቀጣይ ጥናት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ በኩባንያው ሌሎች ስፍራዎች የባለቤትነት አወቃቀሩ ሲለያይ የጥገናው ቅደም ተከተል አብሮ ይለያይ እንደሆነ ነው፤ የቶኪዮው ስፍራ ባለቤት ዎልት ዲዝኒ ሳይሆን ኦሪየንታል ላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ መሆኑ ለንጽጽሩ ምቹ ያደርገዋል። ሁለተኛው፣ የአንድ ንግድ ድርጅት ንብረት የሆነ ንድፍ ከምን ያህል ዕድሜ በኋላ የሕዝብ ትዝታና ቅርስ ይሆናል የሚለው ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ሕግ እስካሁን የማያሻማ መልስ አልሰጠም፤ የአፍቃሪያኑ ተስፋ ግን መልሱን በተግባር እየጠየቀ ነው።