ሆድን መግዛት ወይስ ለሆድ መገዛት?
(ፍትወተ ሥጋና ራስን መግዛት በቀደሙት አባቶች ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ትምህርት የቀደሙት አባቶች ስለ ሆድ ፍላጎትና ራስን ስለ መግዛት ምን እንዳስተማሩ በአጭሩ እንመለከታለን።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ግን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዲቁና ከተቀበልኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ከሰዓት በኋላ ቀድሼ፣ ውኃ እንኳ ሳልቀምስ አመሻሽ ላይ ቤት ገባሁ። እናቴ ገበያ ውላ መመለሷ ነው፤ እሷም ጾማ ነው የዋለችው። ያቀረበችልኝ ሽሮ ቀዝቅዟል፣ ጨውም አንሶታል። እኔም ትሪውን ገፋ አድርጌ፣ «ቀኑን ሙሉ ጾሜ ስመጣ ይኼ ነው የሚቀርብልኝ?» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ አልተቆጣችም። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ የጾምከውስ አንተ ነህ፤ የተበላሁት ግን እኔ ነኝ» አለችኝ።

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። በኋላ የአባቶችን መጻሕፍት ሳነብ ግን፣ ማንበብ የማትችለው እናቴ የተናገረችው ነገር እነሱ በብዙ ምዕራፍ የጻፉት ሆኖ አገኘሁት። እስቲ አብረን እንየው።

ሀ. መራብ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ረኃብን፣ ጥምንና እንቅልፍን በሥጋችን ያኖረ እግዚአብሔር ነው። ጌታችን ራሱ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከጾመ በኋላ እንደ ተራበ ወንጌል ይነግረናል (ማቴ. 4፥2)። እርሱ ኃጢአት የለበትም፤ ስለዚህ ረኃብ በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም።

ይህን መናገር ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥጋ መብላትን፣ ወይን መጠጣትንና ጋብቻን እንደ ርኩስ የሚቆጥሩ ሰዎች ተነሥተው ነበር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ማኒ የተባለ ሰው ግዙፉ ዓለም የጨለማ ሥራ ነው እያለ አስተማረ። እነዚህ ሰዎች ከእኛ አብልጠው ይጾሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ጾማቸውን አልተቀበለችውም። ሐዋርያው ጳውሎስ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም እንደ ሆነና በምስጋና ሊወሰድ እንደሚገባው ለጢሞቴዎስ አስቀድሞ ጽፎለት ነበርና (1ጢሞ. 4፥1-5)። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጋንግራ የተሰበሰቡ ጳጳሳትም ሥጋ የሚበላውን ምእመን ተስፋ የሌለው አድርገው የሚኮንኑትን አወገዙ። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖናም ለተጋድሎ ብሎ ሳይሆን ፍጥረትን ተጸይፎ ከሥጋና ከወይን የሚርቅ ካህን ከማዕርጉ እንዲሻር ያዛል።

እንግዲህ ልብ እንበል። እኛ በጾም ሥጋና ቅቤ የምንተወው ርኩስ ስለ ሆኑ አይደለም። ርኩስ ቢሆኑማ በፋሲካ ባልባረክናቸው! የምንተወው መልካም የሆነውን ነገር ለተሻለ ነገር ብለን ነው።

ለ. ታዲያ ውጊያው ለምን በሆድ ይጀምራል?

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ጾም ባስተማረው ትምህርት፣ ጾም በገነት የተሰጠ የመጀመሪያ ትእዛዝ መሆኑን ያሳያል። አዳም ታዝዞ የነበረው ከአንዲት ዛፍ እንዳይበላ ነው። የወደቀው በመብላት ነው። ዳግማዊ አዳም ክርስቶስም በምድረ በዳ በመጀመሪያ የተፈተነው በእንጀራ ነው።

በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረውና በ399 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያረፈው ኤዋግርዮስ፣ ሰውን የሚዋጉ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ሆዳምነትን በመጀመሪያ አስቀመጠ። ከእርሱ በኋላ ዝሙት፣ ገንዘብን መውደድ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት ይከተላሉ። የመጀመሪያው በር ከተከፈተ ሌሎቹ ይገባሉ ማለት ነው።

ኤዋግርዮስ ያስተዋለው ሌላ ነገርም አለ። የሆድ ሐሳብ ሁልጊዜ ጥሩ ምግብ እያሳየ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ለብሶ ይመጣል ይላል። መነኩሴውን ስለ ጨጓራው፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ረጅም ሕመምና ሐኪም ስለ ማጣት ያሳስበዋል። እኛስ ጾም ሊገባ ሲል «ዘንድሮ እንኳ ሰውነቴ አልቻለም» የምንለው ስንቶቻችን ነን? በእውነት የታመመ አለ፤ ስለ እርሱ በኋላ እንመለሳለን። ሐሳብ ብቻ የታመመበትም አለ።

የምግቡ ዓይነት ብቻ እንደማያድነን ደግሞ ከዔሳው እንማራለን። ዔሳው ብኩርናውን በምን ሸጠ? በዶሮ ወጥ ነው? በጥሬ ሥጋ ነው? አይደለም፤ በምስር ወጥ ነው (ዘፍ. 25፥29-34)። ምስር ደግሞ የጾም ምግብ ነው! የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ኑዛዜውን በጻፈበት መጽሐፍ ይህንኑ አስተውሏል፤ ኤልያስ በሥጋ ተመግቦ አልረከሰም፣ ዔሳው ግን በምስር ተሸነፈ። ጥፋቱ ያለው ከድስቱ ውስጥ ሳይሆን ከልብ ውስጥ ነው።

ሐ. ሦስቱ የሆድ ፈተናዎች

ዮሐንስ ካስያን የተባለ መነኩሴ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግብፅ ገዳማት ለዓመታት ኖሮ ከአባቶች የሰማውን ጽፏል። ሆዳምነት በሦስት መንገድ ይፈትናል ይላል።

1. ከሰዓቱ በፊት መብላት። የተወሰነውን ሰዓት መጠበቅ አለመቻል ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ዐይናችን ሰዓት ላይ፣ ሐሳባችን ማእድ ቤት ከሆነ ይህ ፈተና ይዞናል።

2. ምግቡ ምንም ይሁን ምን እስኪያስጨንቅ መብላት። እስከ 9 ሰዓት ጾመን፣ ከዚያ የቁርሱንም የምሳውንም አንድ ላይ ብንደርብ ምን ጾምን? ሰዓት ነው ያዛወርነው።

3. ጣፋጩንና የተመረጠውን መፈለግ። ዛሬ የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ ዘይቱ የሚንሳፈፍ ተጋቢኖ አለ። እነዚህ ከጾም ሕግ አልወጡም፤ ቅቤ የለባቸውም፣ ወተት የለባቸውም። ነገር ግን ምላሳችን ከፍስኩ ይልቅ በጾሙ የሚደሰት ከሆነ ከምን እንደ ጾምን ራሳችንን እንጠይቅ።

መ. ልኩ ስንት ነው?

ይህንኑ ጥያቄ ካስያንና ጓደኛው ገርማኖስ በአስቄጥስ ገዳም አባ ሙሴን ጠይቀውት ነበር። አባ ሙሴ የነገራቸው የበረሃው አባቶች ልክ በቀን ሁለት ደረቅ ዳቦ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ የሮም ሊጥር (330 ግራም ገደማ) ብዙም አይርቁም። የኛ የቆሎ ተማሪ ኮቸሮ በሉት። ጠያቂዎቹ ይህ ትንሽ ነው ብለው ሲገረሙ፣ ይልቅ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ዕለት ዕለት መጠበቁ ነው የሚከብደው አላቸው። አንድ ሳምንት ራስን አስርቦ በሚቀጥለው ሳምንት ከመጎስጎስ፣ በየቀኑ በልክ መብላት ይሻላልና።

ካስያን ለሁሉም ሰው አንድ ሚዛን እንደሌለም ይናገራል። ዕድሜ፣ ጤንነትና ጉልበት ይለያያል። ለሁሉም የሚሠራው ሕግ ግን አንድ ነው፦ ገና መብላት እያማረህ እጅህን ሰብስብ።

ከልክ ያለፈ ጾም ወዴት እንደሚወስድ ደግሞ ያው አባ ሙሴ የሄሮንን ታሪክ አስተምሮበታል። ሄሮን 50 ዓመት በበረሃ የኖረ ጽኑዕ ጾመኛ ነበር። በፋሲካ ዕለት እንኳ ከወንድሞች ጋር አይቀመጥም፤ ጥቂት ባቄላ ብበላ ሥርዓቴ ይላላል ብሎ ይፈራ ነበር። የማንንም ምክር አይሰማም። በመጨረሻ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣበት፣ ጽድቅህ ይጠብቅሃል ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ አሳተው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሆዱን ያሸነፈ ሰው በትዕቢት ተሸነፈ። አባ ሙሴ ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት፣ ከልክ ያለፈ ጾምና ሆዳምነት መጨረሻቸው አንድ መሆኑን ነው።

ትክክለኛውን ምሳሌ የምናገኘው ከአባ እንጦንስ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል፣ አባ እንጦንስ በቀን አንድ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ እንጀራና ጨው ይበላ ነበር፤ አንዳንዴም ሁለት ቀን፣ አራት ቀን ይቆያል። 20 ዓመት ያህል ብቻውን ተዘግቶ ኖሮ ሲወጣ ወዳጆቹ አዩት፤ ሰውነቱ አልወፈረም፣ አልከሳምም፤ ቀድሞ እንደሚያውቁት ነበር። ነፍሱም በኀዘን የተጨበጠች ወይም በደስታ የፈነደቀች አልነበረችም። በ356 ሲያርፍ ዕድሜው 105 ዓመት ነበር። የጾም ፍሬ እንዲህ ነው፤ ሥጋ በልኩ፣ ነፍስ በሰላሟ።

ሠ. ጾም ያለ ፍቅር

ካስያንና ጓደኛው አንድ አረጋዊ አባት ዘንድ በእንግድነት ሄደው፣ አረጋዊው የዕለት ጾማቸውን ትተው አብረዋቸው በሉ። ለምን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጾም ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው፣ እናንተን ግን ነገ እሸኛችኋለሁ የሚል መልስ ሰጧቸው። ጾም በፈቃዳችን የምናቀርበው ነው፤ ፍቅር ግን የግድ የሚፈለግብን ዕዳ ነው። (ይህ በገዳም በፈቃድ ስለሚጨመር ጾም የተነገረ ነው፤ የአዋጅ ጾም ለመሻር ምክንያት አይሁነን።)

ቅዱስ ባስልዮስም ሥጋ ሳይበሉ ወንድማቸውን የሚበሉ ሰዎችን ይገሥጻል። ይህን ሳነብ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ። ለካ ያን ቀን ምሽት ከሽሮው በፊት ሥጋ በልቼ ኖሯል!

ሌላም አለ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው የሄርማ መጽሐፍ፣ በጾም ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበ ማካፈል እንደ ሆነ ተናግሯል (ኢሳ. 58)። የጾም ወጪያችን ከፍስኩ ከበለጠ ግን ለድኃው ምን ይተርፋል?

ረ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ልካችንን ከንስሐ አባታችን ጋር እንወስን። ሄሮንን የጎዳው ብቻውን መወሰኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የታመመ ሰው አይሸማቀቅ። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ በሥጋ ድካም የተያዘውን ለይቶ ያያል። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በሰዓት የሚዋጥ መድኃኒት ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ሳትመካከሩ መድኃኒት አታቋርጡ። ከምግብ መጾም ያልቻለ ከሐሜት መጾም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማዕዳችንን እናቅልለው። አንድ ዓይነት ወጥ ይበቃል። ጥቂት እያማረን እንነሣ። የቀረውን ሂሳብ ለችግረኛ እንለይ፤ ዛሬ ነገ ሳንል በዚያው ሳምንት እንስጥ።

አራተኛ፣ ረኃቡ ሲበረታ አፋችንን እንጠብቅ። ጾመኛ ሰው ቶሎ ይቆጣል፤ ጠላትም ያን ሰዓት ያውቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የአንጾኪያን ሰዎች እንዳስተማረው ዐይንም፣ ጆሮም፣ እጅም፣ እግርም ይጹሙ። ከማዕድ ስንቀርብ ከመቁረሳችን በፊት ያበሰለችውን እናመስግን።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ምሽት እናቴ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም አነሣችኝና የቀዘቀዘውን ሽሮ አሙቃ፣ በእጇ አጎረሰችኝ። ጨው እንዳነሰው ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የጣፈጠ ምግብ በልቼ አላውቅም። ሆዴ ጌታዬ በነበረበት ሰዓት ያጣሁትን ጣዕም፣ አገልጋዬ በሆነ ጊዜ አገኘሁት።

አምላካችን እግዚአብሔር ሥጋችንን ሳንጠላ የምንገዛበትን ኃይል፣ ወንድማችንን የማንበላበትን ልብ ያድለን። ጾመን፣ ተጸልየን፣ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።