ስለ ዕረፍት ቀን መንገድ
በሰው አገር በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግሉ ወጣቶች የሚሆን ትምህርት

ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ያለ ደመወዝ ሊያገለግል የሄደ ሰው አምስቱን ቀን በሥራው ይታወቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በጠባዩ ይታወቃል። በትምህርት ቤት ወይም በሐኪም ቤት ሲቆም አለባበሱም ንግግሩም ለሥራው የተዘጋጀ ነው። ከባልንጀሮቹ ጋር ጓዙን ተሸክሞ ወደ መንገድ ሲወጣ ግን አለቃ አይከተለውም፤ የአገሩ ሰው ዓይን ግን ይከተለዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ሽርሽሩን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። ሽርሽር ራሱ ነውር ነው የሚል ቢኖር ከእርሱ ጋር አንስማማም። ከቤተ ሰቡ የራቀ ወጣት ከመሰሎቹ ጋር ሁለት ቀን ሲሥቅና ሲደክም ቢቈይ ናፍቆቱ ይቀልለታል፤ የተቀበለችውንም አገር ይበልጥ ያውቃታል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ ጋናን እንውሰድ። በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች የገቡት ወደዚች አገር ነበር። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1962፥ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። በዚያን ዘመን የተማረ አንባቢ፥ የውጭ አገር መምህር ቅዳሜ በገበያ ሲዞር ልጆች እንዴት እንደ ተከተሉት፥ የገዛውና የተናገረውም ሁሉ ማታ በየቤቱ እንዴት እንደ ተወራ ያስታውስ ይሆናል። እኛ እንግዲህ ይህን ጕዳይ ከተመልካቹም ወገን ሆነን ልናየው እንችላለን።

ዛሬ በአክራ የሚያገለግሉ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስድስት ወጣቶች አሉ እንበል። ዓርብ ማታ ተሰብስበው ወደ ኬፕ ኮስት ለመሄድ ይማከራሉ። ከተማይቱ ከአክራ ወደ ምዕራብ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ትገኛለች። የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ገና ከቤት ሳይወጡ ነው፤ እርሱም ገንዘብ ነው። ከስድስቱ አንዱ አባቱ በየወሩ ይልክለታል፤ ሌላይቱ ግን ለምግቧ የተሰጣትን ቈጥባ ነው የምትኖረው። ባለጠጋው መልካሙን ሆቴል ሲጠራ እርስዋ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋንም ሌሎቹ እንደ ፈቃድ ይቈጥሩታል። በእኔ አስተያየት የጕዞው ወጪ ከሁሉ ይልቅ ጥቂት ባለው ሰው ልክ ሊወሰን ይገባል፤ ይህም እርሱን ሳያሳፍሩ፥ ምክንያቱንም ሳይናገሩ መደረግ አለበት።

መንገዱን በትሮትሮ ይሄዱታል። ትሮትሮ ማለት በጋና ሕዝብ ሁሉ የሚሳፈርበት አነስተኛ አውቶቡስ ነው፤ ሰው እስኪሞላ ድረስ አይነሣም። ሰዓት ለማክበር የለመደ ወጣት በዚህ ይቈጣል፤ ቍጣው ግን መኪናውን አያስነሣውም፥ አጠገቡ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት ብቻ ያስቀይማታል። ለረዳቱ ሒሳብ ሲከፍል በቀኝ እጁ ይስጥ፤ በዚያ አገር በግራ እጅ መስጠት ስድብ ነውና። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ያልጠየቀ ሰው ስለ ትልቁ ነገር እጠይቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

በኬፕ ኮስት ሁለት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ የደስታ ነው፥ ሁለተኛው የኀዘን። ብዙ ወጣቶች ሁለቱን በአንድ ቀን ይጨርሷቸዋል፤ ጧት በዱር ውስጥ ሲጮኹ ውለው፥ ከሰዓት በኋላ ሣቁ ገና ከአፋቸው ሳይጠፋ ወደ ግንቡ ይገባሉ። እኔ ግንቡን ቅዳሜ፥ ዱሩን እሑድ አድርጉ እላለሁ። ምክንያቱንም ግንቡ ራሱ ይነግራችኋል።

ግንቡን በ1653 ስዊድኖች መሠረቱት፤ በኋላም እንግሊዞች ያዙት፤ እስከ 1877 ድረስም የወርቅ ጠረፍ ግዛታቸው መቀመጫ ነበር። ከኖራ የነጣው ግድግዳው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ከግቢው በታች ግን ጨለማ የሆኑ ምድር ቤቶች አሉ፤ ብርሃን የሚገባባቸው ከላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ለባርነት የተሸጡ ወንዶችና ሴቶች መርከብ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ታጐሩ። ወደ ባሕሩ የሚያወጣውም በር መመለስ የሌለበት በር ተብሎ ይጠራል። በ1998 በባርነት የኖሩ የሁለት ሰዎች አፅም ከአሜሪካና ከጃማይካ መጥቶ በዚያው በር ከባሕሩ ወገን እንዲገባ ተደረገ፤ ከውጭ በኩልም የመመለሻ በር የሚል ጽሑፍ ተደርጎበታል።

አስጎብኚው ከወንዶቹ ምድር ቤት በላይ የነበረውን የጸሎት ቤት ያሳያል። በዚህ ስፍራ እንቈይ። በዚያ ግንብ ፊሊፕ ኳኬ የሚባል የኬፕ ኮስት ተወላጅ አገልግሎአል። በልጅነቱ፥ በ1754፥ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ በ1765 ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀበለ፤ በማግሥቱም ዓመት ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1816፥ የግንቡ ቄስ ሆኖ ኖረ። ለልጆችም ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ በግቢው ውስጥ ይታያል። እንግሊዞች የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከሉት በ1807 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው 41 ዓመት ያህል ከላይ ሲያስተምርና ሲጸልይ፥ ከታች ሰው ታስሮ ነበር።

እርሱን ለመኰነን አልጻፍሁም፤ በዘመኑ ብንኖር ከእርሱ እንሻል ነበር ብሎ መናገርም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወጣቱ በጎ ፈቃደኛ፥ እርሱም አስተማሪና ረዳት ነኝ ብሎ የመጣው፥ በዚህ ስፍራ ቆሞ ራሱን ይጠይቅ፤ እኔ ከላይ መልካም ሥራ ስሠራ ከእግሬ በታች ያላየሁት ማን አለ? የምኖርበትን ቤት የምታጸዳው ሴት ስሟ ማን ነው? እኔ በነጻ የምሠራው ሥራ የአንድን የአገር ልጅ እንጀራ ይወስድበት ይሆን? ከወጣ በኋላ በመድፎቹ አጠገብ ተቃቅፈው እየሣቁ ፎቶግራፍ የሚነሡትን ባልንጀሮቹን ቢያይ በሰው ፊት አይገሥጻቸው፤ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ ዳር ይውሰዳቸው። ምናልባት በዚያው ሰዓት ከባርነት የተረፉት የልጅ ልጆች ከአሜሪካ መጥተው እያለቀሱ ይሆናልና።

በባሕሩ ዳር ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጠግናሉ። ሳታስፈቅድ ፎቶግራፍ አታንሣቸው። ለመዋኘትም ብታስብ አስቀድመህ እነርሱን ጠይቅ፤ የዚያ ጠረፍ ማዕበል ወደ ውስጥ የሚጐትት ብርቱ ነው። ድፍረት ያንተ ብቻ ይመስልሃል፤ ብትሰጥም ግን አንተን ለማውጣት የሚገባው የአንዲት ሴት ባል ነው።

እሑድ ማለዳ ወደ ካኩም ይሂዱ። ከከተማይቱ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ነው፤ በ1931 የተጠበቀ ደን፥ በ1992 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በረጃጅም ዛፎች ላይ የታሰሩ ሰባት ተንጠልጣይ ድልድዮች አሉበት፤ ርዝመታቸው በጠቅላላው 350 ሜትር ያህል ነው፥ ከመሬትም እስከ 40 ሜትር ይደርሳሉ። በጠባብ ሳንቃ ላይ ሲራመዱ ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ከታች የዛፍ ጫፍ እንጂ መሬት አይታይም። እውነተኛ ደስታ ነው! እዚህ ይጩኹ፥ ይሣቁም። የፈራውን ባልንጀራ ለማስደንገጥ ገመዱን መነቅነቅ፥ ፍርሃቱንም በስልክ ቀርጾ ለሰው መላክ ግን ጨዋታ አይደለም። ዝም ብሎ ከፊቱ የሚራመድለት አንድ ሰው ይበቃዋል።

የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር ሰው ከጋና ሰው ይበልጣል፤ በዚህም የሚያጕረመርሙ አሉ። እኔ ዋጋው ትክክል ነው እላለሁ፤ የጋና ተማሪ የገዛ ዱሩን ለማየት ሊችል ይገባዋልና። ደግሞም በዱሩ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች አሉ፤ ጐብኚው ዝሆን አላየሁም ብሎ ሲያዝን፥ ዝሆኖቹ ሌሊት ወጥተው የገበሬዎቹን እርሻ ያጠፋሉ። በመንገድ ዳር ከእነርሱ ፍሬ ሲገዛ ለጥቂት ሳንቲም የሚከራከር ሰው ይህን ይወቅ።

መሽቶ በጨለማ መንገድ መሄድ አደገኛ ስለሆነ፥ ሰኞም ተማሪዎች ስለሚጠብቁ፥ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ይመለሱ። ወደ አክራ ሲሄዱ ያሞራንሳ ላይ ሴቶች በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ኬንኬ ይሸጣሉ፤ ከቦካ የበቈሎ ሊጥ የሚሠራ የፋንቴዎች ምግብ ነው። ለራሱ አንድ ሲገዛ፥ ለምታከራየው እናትና ለዘበኛው ደግሞ ይግዛ። በዚያ አገር መንገደኛ ሲመለስ ምን አመጣህልን ይሉታል።