ሽማግሌ ሲመጣ ወንድሜን የት ላድርገው?

ከደሴ የጻፈችው የ26 ዓመት ወጣት በቅርቡ ሽማግሌ ሊላክባት ነው። ቤቱን ያስጨነቀው ግን ድግሱ ሳይሆን ታላቅ ወንድሟ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ ታመመ፤ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉ። እንግዳ ሲመጣ እናቷ ጓዳ ያስገቡትና ብቻውን ሲያወራ እንዳይሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። አሁን ደግሞ ገጠር አክስቱ ዘንድ ይቆይ፣ ለጠየቀም «አረብ አገር ሄዷል» ይባል ተብሎ ተመክሯል። «እጮኛዬን ልዋሽ ወይስ ቤተሰቤን ላዋርድ?» ትላለች።

እናቲቱን መኮነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የቡታጅራ ገጠር ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ 178 ዘመዶችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ሲናገሩ፣ ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ከተማውም ቢሆን ያው ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጓዳው መኝታ ቤት ይባላል እንጂ።

በዘር በሚጠያየቅ አገር ሕመሙ ይወረሳል የሚለው ፍርሃት ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። በሕይወት ዘመኑ ስኪዞፍሬኒያ የሚይዘው ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ነው፤ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሲሆን ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ከፍ ይላል። ከ90 የማያንሱት ግን አይታመሙም ማለት ነው። የሷ ልጆች ደግሞ ለታማሚው የእህት ልጆች ናቸውና አደጋው ከዚያም ያንሳል። እጮኛዋ ይህን ከሐኪም አፍ ቢሰማው ይመረጣል።

ደብዳቤው በአንድ መስመር ያለፈው ጉዳይ ግን ከሠርጉ በላይ ያሳስባል። ወንድሟ መድኃኒቱን ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፤ ጠበል ቦታ ያገኟቸው ሰዎችም «ከጠበሉ ጋር አይሄድም» አሏቸው። መንቀጥቀጡና ለሃጩ የታወቁ የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ይለውጣል ወይም ማስታገሻ ይጨምራል። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ሕመሙን መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

ጠበሉን ተዉ የሚል የለም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምተኛ ይህ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ድሮ ለዚህ ሕክምና የግድ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነበር። ዛሬ ደሴ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ።

ለእጮኛዋ መንገር ያለባት ራሷ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው። የሕመሙን ስም ጠርታ፣ የት እንደሚታከምም ጨምራ ትንገረው። የአረብ አገሩ ወሬ ከሠርጉ በኋላ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ጠቡ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ውሸቱ ይሆናል። እጮኛዋ ሰምቶ ወደኋላ ቢል ያማል፤ ከሠርግ በፊት መታወቁ ግን ሳይሻል አይቀርም።

በዚያ ሁሉ የደብዳቤ ገጽ ወንድሟ ምን እንዳለ አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለሱ ምን እንዲነገር እንደሚፈልግ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳሎን መቀመጥ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። ጫጫታው ከከበደው ሰላምታ ሰጥቶ ከአጎቱ ልጅ ጋር ሊወጣ ይችላል። የሐኪም ቀጠሮው ግን ዛሬ ነገ ሳይባል በዚህ ሳምንት ይያዝ፤ መድኃኒቱ እንደገና ተጀምሮ በደንብ እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል።