ትከሻው ሲያዝ፤ በወሊድ ጊዜ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ምክንያቱ

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጠያቂዋ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብቻ ሳይሆን «እንኳን ማረችሽ» መባሏ፥ ወገኖቻችን ወሊድን ከሞት አፋፍ እንደ መመለስ ሲቆጥሩት እንደ ኖሩ ያስረዳል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቍጥሩ ወደ 412 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ነገር ግን ከሞት የተረፈ ሁሉ ከጉዳት ተርፏል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከወሊድ አደጋዎች አንዱን፥ ይኸውም የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው ተይዞ የሚቀርበትን ሁኔታ፥ ከነምክንያቱና ከነመፍትሔው በአጭሩ ማስረዳት ነው።

፩፤ ነገሩ ምንድን ነው?

በተለመደው ወሊድ የሕፃኑ ራስ ቀድሞ ይወጣል፤ ቀጥሎም ትከሻው በዳሌ ውስጥ ዘወር ብሎ ራሱን ይከተላል። አንዳንድ ጊዜ ግን የፊተኛው ትከሻ፥ ከእናቲቱ እምብርት በታች በፊት በኩል ባለው የዳሌ አጥንት ላይ ተደግፎ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የወጣው ራስ፥ ኤሊ ራሷን ወደ ቅርፊቷ እንደምትሰበስብ፥ ወደ ኋላ ሲሳብ ይታያል። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከ1000 ወሊዶች በስድስት ወይም በሰባት ያህሉ ላይ ይደርሳል።

፪፤ ምክንያቱስ?

የሕፃኑ ክብደት ከ4 ኪሎ ሲበልጥ፥ እናቲቱ የስኳር በሽታ ሲኖርባት፥ ውፍረቷ ከልክ ሲያልፍ፥ ከዚህ በፊት በወለደችው ልጅ ላይ ይኸው ነገር ደርሶ እንደ ሆነ፥ ምጡ ሲራዘም፥ ወይም ሕፃኑ በመሣሪያ ተስቦ ሲወለድ አደጋው ይጨምራል። በተለይ የስኳር በሽታ የሕፃኑን ትከሻና ደረት ከራሱ ይልቅ ስለሚያገዝፍ፥ ራሱ ባለፈበት መንገድ ትከሻው ማለፍ ይሳነዋል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከ4 ኪሎ በላይ ከሆኑት ሕፃናት አብዛኞቹ ያለ ችግር ይወለዳሉ፤ በአንጻሩ ትከሻቸው ከሚያዘው መካከል ግማሽ ያህሉ ክብደታቸው ከ4 ኪሎ በታች ነው። እንግዲህ «ይህችኛዋ ትቸገራለች፥ ያችኛዋ አትቸገርም» ብሎ አስቀድሞ መለየት አይቻልም።

፫፤ ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት በአምስት ሥር ወጥተው በትከሻ በኩል ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ትከሻው ተይዞ ሳለ ራሱ ወደ ጎን ሲሳብ እነዚህ ነርቮች ይወጠራሉ፤ ሲብስም ይበጠሳሉ። የላይኞቹ ሲጎዱ የሕፃኑ ክንድ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መዳፉም ወደ ኋላ ይዞራል። ይህንን ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ኤርብ እ.ኤ.አ. በ1874 ገልጾታል። የታችኞቹ ሲጎዱ እጁ መጨበጥ ይሳነዋል፤ ይህንን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 ያስረዳችው ኦጉስታ ክሉምፕኬ የተባለች ሴት ሐኪም ናት።

ከነርቭ ሌላ የሕፃኑ የትከሻ ወይም የክንድ አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ስብራቱ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠገናል። ከሁሉ የሚከፋው የአየር እጦት ነው። እናቲቱም በብዙ ደም መፍሰስና በመቀደድ ትጎዳለች።

ክንዱ የዛለ ሕፃን ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ አይቀርም፤ ጉዳቱ ጸንቶ የሚቀርባቸው ከአሥር ከአንድ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ወደ ወጌሻ ወስዶ ከማሳሸት ይልቅ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። በሦስት ወር ውስጥ ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ ወደ ልዩ ሐኪም መላክ አለበት። ደግሞም የነርቭ ጉዳት ማንም ሳይስብ በምጡ ኃይል ብቻ ሊመጣ ስለሚችል፥ አዋላጇን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም።

፬፤ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የማይደረገውን እንናገር። ራሱን በኃይል መሳብና ሆድን ከላይ መጫን ትከሻውን ይብስ ወደ አጥንቱ ያጣብቁታል። የሚደረገው ግን ይህ ነው፤ ረዳት መጥራት፤ እናቲቱ ማማጧን እንድታቆም መንገር፤ ሰዓት መመልከት፤ ሁለቱን ጭኖቿን አጥፎ ወደ ሆዷ ማስጠጋት፤ ከዚያም ረዳቱ ከዳሌው አጥንት በላይ፥ በሕፃኑ ጀርባ በኩል፥ በመዳፍ እንዲገፋ ማድረግ። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይወለዳሉ። ካልሆነ አዋላጇ እጅዋን አስገብታ ትከሻውን ታዞራለች፥ ወይም የኋለኛውን ክንድ አስቀድማ ታወጣለች። እናቲቱን በእጅና በጕልበቷ ማንበርከክም ይረዳል፤ ይህ ዘዴ ወደ ሐኪሞች መጽሐፍ የገባው ከጓቴማላ የአገር ቤት አዋላጆች ነው። ዕውቀት ሁልጊዜ ከከተማ ወደ ገጠር ብቻ እንደማይሄድ ከዚህ እንረዳለን።

፭፤ ስለ በዴሳ

ይህን ሁሉ ወደ አካባቢያችን እናምጣው። በዴሳ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች ላለች ወላድ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ።

አንደኛው የምጥ መታገድ ነው። ዳሌው ጠባብ ሆኖ ራሱ አልወርድ ሲል፥ ወይም ሕፃኑ በአግድም ተኝቶ እጁ ሲቀድም፥ ምጡ ሌሊቱን ከቀኑ ያያይዛል። በጊዜ ካልተደረሰላት ማኅፀኗ ይተረተራል፤ ወይም ፌስቱላ ያገኛታል። ቢሆንም ይህ አደጋ ሰዓታትን ይሰጣል። አምቡላንስ፥ መንገድ፥ በሶዶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፥ ከምጡ በፊት በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ገብቶ መሰንበት፥ እነዚህ ሁሉ ያድናሉ።

ሁለተኛው የትከሻ መያዝ ነው። እርሱ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። አምቡላንስ ከሶዶ እስኪመጣ ይቅርና ከደጅ እስኪነሣ እንኳ አይጠብቅም። አስቀድሞ አይታወቅም፤ ከመጣም በኋላ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም። የሚያድነው በዚያች ሰዓት በዚያች ክፍል ውስጥ ያለው የተለማመደ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድ መሠራቱ ደስ ቢያሰኝም፥ የአዋላጅን ትምህርት አይተካም።

ትምህርቱ ፍሬ እንደሚሰጥም ተፈትኖ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሠራተኞች ሁሉ በአሻንጉሊት ሕፃን ከተለማመዱ በኋላ፥ ትከሻቸው ከተያዘባቸው ሕፃናት መካከል የሚጎዱት ከ100 ከ9.3 ወደ 2.3 መውረዳቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካተሪን ሐምሊን በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በ2007 ግን የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ቍስሉን ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች፥ መፍትሔው ከቍስሉ በፊት የምትገኘው አዋላጅ መሆኗን ተረድተዋል ማለት ነው።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፥ ከመካከላችን አዋላጅና ሐኪም ሆነው ወደ በዴሳና በዴሳን ወደ መሰሉ ከተሞች የሚመደቡ አሉ። ለእነርሱ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ እነዚህን ዘዴዎች ለፈተና ብቻ አትሸምድዷቸው፤ እጃችሁ ሳያስብ እስኪሠራቸው ድረስ ተለማመዷቸው፤ ከተመደባችሁም በኋላ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ደጋግሟቸው። ሁለተኛ፥ «አታምጪ»፥ «እግርሽን ወደ ሆድሽ እጠፊ»፥ «ተንበርከኪ» የሚሉትን ቃላት በወላይትኛ ዕወቁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስተርጓሚ የሚፈለግበት ጊዜ የለም።

የሌላ ትምህርት ተማሪዎች የሆንነው ደግሞ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ነፍሰ ጡር ለሆኑት እኅቶቻችንና ለባሎቻቸው ይህንኑ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት ከ100 እናቶች 48ቱ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት 52 አብዛኞቹ ትከሻው ቢያዝባቸው፥ የተማረች እጅ በአጠገባቸው አልነበረችም።